የእትዬ ተሻለች አንቀልባ

ሰላሀዲንን ባለፈው ሳምንት የተውነው መኪናው ሥር ተጋድሞ ነበር፤ ዛሬም እዚያው ነው። ሌላ ሰው ልቡ ሲሰበር አልጋ ላይ ይወድቃል። እሱ መካኒክ ስለሆነ መኪና ሥር ወደቀ። ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ጋራዡ በኩል የሚያልፍ ሁሉ የሚያየው ሁለት ጫማዎቹን ብቻ ነው። ሰላምታ ሲሰጡት ጫማዎቹን ያወዛውዛል እንጂ ቃል አይመልስም።

ከዛሬ ለሚጀምር አንባቢ ነገሩን ላሳጥርለት። መኪናው አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ተስፋ በሰነቀበት ሰሞን፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሲጀምር፣ ሰላሀዲንም ሞተሩ የማይዞር ሬሳ መኪና በጨረታ ገዝቶ አስጎትቶ አመጣ። ቱሪስት ይመጣል፤ በባቲ ቁልቁል ወደ አፋር በረሃ አወርደዋለሁ፤ ሲመለስ ደግሞ አምባሰል ተራራ ላይ አወጣዋለሁ እያለ ሲፈታና ሲገጥም ዓመታት ፈጀ። ቱሪስቱ አልመጣም። ፍቅር ግን ከጋራዡ ፊት ለፊት ካለው መድኃኒት ቤት መጣ።

ሀኒያ የመድኃኒት ቤቱ ፋርማሲስት ነበረች። ሰላሀዲን ብረት እጁን በቆረጠው ቁጥር ፋሻ ሊገዛ ይሻገራል። እየቆየ ሳይቆርጠውም መሻገር ጀመረ። ሀኒያ ደህናውን ጣት ታየዋለች፣ ሰላሀዲንን ታየዋለች፣ ከዚያ ምንም ሳትል አዮዲን ቀብታ በጥንቃቄ ትጠቀልልለታለች። ከዚህ የበለጠ የፍቅር መግለጫ የሚፈልግ አንባቢ ሌላ መጽሔት ይግዛ።

አባቷ ሐጂ ኑርዬ የሚኖሩት ከውጫሌ በላይ፣ ወደ ግሸን በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። ብዙ መሬትና በቅሎ ያላቸው፣ ስማቸው ደግሞ ከመሬታቸውም የሚሰፋ ሰው ናቸው። ነገሩ ጆሯቸው ሲደርስ፣ ልጃቸውን ኮሌጅ ድረስ ያስተማሩት መኪና ሥር ለሚውል ሰው እንዳልሆነ በሰው አስነገሩት። ደጃቸው መኪና ደርሶበት አያውቅምና፣ እንዲህ ያለ ሰው እሳቸው አገር ምን ሊሠራ እንደሚመጣ እንደማይገባቸው ጨመሩበት። ሰላሀዲን ስድቡን ትቶ ይህችን መጨረሻዋን ብቻ ያዘ። በማግስቱ መኪናውን ለአቀበት ማዘጋጀት ጀመረ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ጠመንጃ የያዘ ሁሉ መኪና እንደሚወድ ሰላሀዲን ሰምቶ ስለነበር፣ ወሬው ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ላንድክሩዘሩን በትኖ ለጎረቤት አከፋፈለው። በሮቹ የዶሮ ቤት ሆኑ። ወንበሮቹ ሐይቁ ዳር ባለችው በአሣ አስጋሪው በጋሽ ባዬ ጎጆ ገብተው ሶፋ ተባሉ። ጎማዎቹ ጭድ ሥር ገቡ፤ የጣሪያው ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው፣ የቲማቲም መደገፊያ ሆነ። በመጨረሻ የቀረችው ሞተሪኖዋ ነበረች። ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የምታስነሳው እሷ ናት፤ የደህና ሕፃን ክብደት ያላት ብረት ነች፤ ያለ እሷ መኪናው ካልተገፋ አይነሳም። እሷን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ለሀኒያ ሰጣትና፣ በተከራየችበት በእትዬ ተሻለች ጓሮ እንድትቀብራት ነገራት።

ያን ዕለት ማን እንደሚተርፍ የሚያውቅ አልነበረም። ሀኒያ ጆንያውን ታቅፋ አንድ ቃል ጠበቀች። እሱም ሊነግራት የፈለገው ነገር ነበረው። አፉን ሲከፍት ግን የወጣው "ውኃ እንዳይነካት" የሚል ሆነ። እሷም እሺ ብላ ሄደች። ያ ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲያንገበግበው ኖረ።

*

ጦርነቱ ከሐይቅ ሲወጣ ሰውም ዕቃውም ወደየቦታው ተመለሰ። በሮቹ የዶሮ ሽታቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ባዬ ሶፋቸውን እያዘኑ መለሱ። መድኃኒት ቤቱ ግን ተዘርፎ ተዘግቷል፤ ሀኒያ የለችም፤ ስልኳም አይሠራም። ሰላሀዲን ዶማ ይዞ የእትዬ ተሻለችን ጓሮ ቆፈረ። ነጭ ሽንኩርቱን ቆፈረ፣ ጎመኑን ቆፈረ፣ ሞተሪኖዋ የለችም። እትዬ ተሻለች ከተሰደዱበት ሲመለሱ ጓሯቸው ታርሶ፣ የልጅ ልጃቸው አንቀልባ ደግሞ ከተሰቀለበት ጠፍቶ አገኙ። ሁለቱንም ጥፋት የጦርነቱ አድርገው ሲያለቅሱ፣ ሰላሀዲን የነጭ ሽንኩርቱን አመነ። ስለ አንቀልባው ግን የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ተስፋ ያስቆረጠው የፍየል ነጋዴው ጁማ ነው። ጁማ ክፋት የለበትም፤ ያየውን ሳያጣራ የሚናገር ሰው ነው። በስደቱ ዕለት ከውጫሌ በላይ ባለው አቀበት የሐጂ ኑርዬን ልጅ በዓይኑ አይቷታል። ሕፃን አዝላ፣ መታ መታ እያደረገች እሹሩሩ ትል ነበር። ልጁም ጨዋ ነው፣ ያን ሁሉ መንገድ ድምፁ አልተሰማም ብሎ አመሰገነለት።

ከዚያ በኋላ ሰላሀዲን ያሰበውን ማሰብ የሚችል የተናደደ አፍቃሪ ብቻ ነው። በየቀኑ በመድኃኒት ቤቱ መስታወት ሲያያት የኖረችው ልጅ መቼ አረገዘች፣ መቼ ወለደች ብሎ አልጠየቀም። ድብቅ ባል እንዳላት ወሰነ። ባልየውም ረጅም፣ ንጹሕ ሸሚዝ የሚለብስ፣ አዲስ ሂሉክስ የሚነዳ ሰው መሆኑን በሐሳቡ ጨረሰ። ሞተሪኖዋም የሆነ ገደል ውስጥ ተጥላ ቀርታለች ማለት ነው። ደውሎ ሌላ ሰው መጠየቅ፣ ሰው መላክ ይችል ነበር። ኩራቱ አልፈቀደለትም።

ስለዚህ መኪናውን ለበረሃ ማዘጋጀት ያዘ። አፋር ወርዶ ላይመለስ ነው። ከአይሱዙ የጭነት መኪና የወጣ ጠንካራ የእግር ሞላ፣ ባሌስትራ፣ ገጠመለትና መኪናው ለመሳፈር በርጩማ እስኪያስፈልግ ድረስ ከፍ አለ። ጎርፍ ሲሻገር ሞተሩ ውኃ እንዳይስብ የአየር መሳቢያውን በቧንቧ ቀጥሎ እስከ ጣሪያው አወጣው። አሸዋ ሲይዘው ጎማ ሥር የሚነጠፍ የተበሳሳ ወፍራም ላሜራ ሠርቶ በጎኑ አሰረ። የውኃና የናፍጣ በርሜል ፖርቶመጋላው ላይ ደረደረ። በተናደደ ቁጥር አንድ ነገር ስለሚጨምር፣ የሐይቅ ሰው የመኪናውን ቁመት አይቶ የሰላሀዲንን ልብ ያውቅ ነበር። ችግሩ ሞተሪኖ የለውም። ለብቻው በረሃ ሊገባ የቆረጠው ሰው መኪናውን ለማስነሳት በየማለዳው ሙሉ ሰፈር ያስፈልገዋል።

*

እትዬ ተሻለች ለጥር ማርያም ግሸን ሄደው ነበር። ሲመለሱ ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ጋራዡ መጡና ጫማዎቹን በዱላቸው መታ መታ አደረጉ።

"ውጣ አንተ ሰውዬ። አንቀልባዬን አገኘሁት" አሉት።

ሰላሀዲን እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ተመልሶ ሊተኛ ነበር። ቀሪውን ሲነግሩት ግን ተጎትቶ ወጣ። በመንገድ ላይ ደክሟቸው ያረፉት ሐጂ ኑርዬ ቤት ነው፤ ሐጂ የግሸን መንገደኛ ውኃ ሳያጠጡና ሳያሳርፉ አያሳልፉም። ገብተው ቁጭ ሲሉ አንቀልባቸውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አዩት። ከሥሩ፣ መደርደሪያ ላይ፣ በንጹሕ ፎጣ ተጠቅልላ ሞተሪኖዋ ተቀምጣለች። ሀኒያ ቅበሪ የተባለችውን አልቀበረችም። መንገድ ላይ ጆንያና ሻንጣ እንደሚፈተሽ ሰምታ፣ የታዘለ ሕፃን ግን ማንም እንደማያወርድ ገምታ፣ አንቀልባውን ከጓሮ በር አንስታ ብረቱን አዘለች። እሹሩሩ ያለችው በጠመንጃ መሐል ስታልፍ ነው።

ሰላሀዲን ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ቁጭ አለ። በገዛ ሞተሪኖው ሲቀና ነው የከረመው።

እትዬ ተሻለች አልጨረሱም። የቀዬው ሰው ሀኒያ ልጅ አዝላ ስትገባ አይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ልጅ አላየም። ሐጂ ሰዉን እየጠሩ ብረቱን ያሳያሉ። ሰዉ ማሻአላህ ብሎ ያደንቅና፣ ደጅ ሲወጣ ልጁን የት ደበቁት ይላል። አሪፋ የምትባለው ጎረቤታቸውማ ሲያለቅስ ሰምቻለሁ ብላ ትምላለች። ልጅቱን ለማጨት ይመላለስ የነበረ ሽማግሌ ሁሉ ቀረ። ሐጂም አንገታቸውን ደፉ፤ ረመዳን ሳይገባ ሀኒያን ጅዳ ወዳለችው አክስቷ ሊልኳት ቆርጠዋል።

ሰላሀዲን ስለ እሱ ምን እንዳለች ጠየቀ።

"የብረቱ ባለቤት ከመጣ ይምጣ፤ ሰው ልኬ አልለምነውም አለች። ካልመጣ ብረቱንም ጅዳ ይዤው እሄዳለሁ አለች" አሉት። ከዚያ በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። "ስትመጣ አንቀልባዬን ይዘህ ና። የልጅ ልጄ በነጠላ እየታዘለ ነው።"

*

ልጅ ለትዳር የሚጠየቀው በሽማግሌ ነው። የሰፈሩ ሼህ እንድሪስና ጋሽ ባዬ እሺ አሉ፤ ጁማ ደግሞ አየሁ ያለውን በሰው ፊት እንዲያርም ተገዶ ሦስተኛ ሆነ። የወሎ ሽማግሌ ወግ ይታወቃል፤ ቆሞ ይጠይቃል፣ ተቀመጡ ሲባል ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም ይላል። እውነቱን ለመናገር፣ ለወጉ ያህል ትንሽ ይቆምና ይቀመጣል።

ሰፈሩ ለመጨረሻ ጊዜ ገፍቶ አስነሳቸው። እስከ ውጫሌ አስፋልት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ መኪናውን አወደሱ። ውጫሌን አልፈው ድንጋዩ ሲጀምር ውዳሴው ቆመ። የአይሱዙ ባሌስትራ የሚለሰልሰው ኩንታል በኩንታል ሲጫንበት ነው፤ ሦስት ሽማግሌ አይሰማውም። በየጉድጓዱ ሼህ እንድሪስ ያ ረቢ ይላሉ፣ ጋሽ ባዬ እመብርሃን ይላሉ፣ ጁማ ሁለቱንም ይላል። ሼህ እንድሪስ ለሶላት ሲወርዱ ሰላሀዲን ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቃቸው። እዚህ አቀበት ላይ ከጠፋ የሚገፋው ሰው የለም።

መኪናው ግን ወጣ። በቅሎ የሚንሸራተትበትን ወጣ፣ ጅረቱን በቧንቧው እየተነፈሰ ተሻገረ፣ ሰዉ ሥራውን ጥሎ እየተከተለው የሐጂ ኑርዬ ደጅ ከላይ ታየ። በሩ ላይ ሀኒያ ቆማለች። ሰላሀዲን አያት። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ያው ነው፤ በመድኃኒት ቤቱ ደህና ጣቱን ታይበት የነበረው ዓይን። እግሩ ፍሪሲዮኑን ረሳ።

ሞተሩ ጠፋ።

መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት የተከተለው ሕዝብ ተበተነ። ፍሬኑ እየተንጫጫ ሲያንገራግር ጁማ ዘሎ ወረደና ላሜራዎቹን ከጎኑ ፈትቶ ጎማው ሥር ወረወራቸው። ለአፋር አሸዋ የተሠራው ላሜራ በአምባሰል ድንጋይ ላይ ሥራ አገኘ፤ መኪናው አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ ቆመ። ሽማግሌዎቹ ወገብና መቀመጫቸውን ይዘው እያነከሱ ወደ ሐጂ ወጡ። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌላውም ተቀበለው። የአሪፋ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

ሀኒያ ወደ ቤት ገባች። ስትወጣ አንቀልባውን ታጥቃ፣ ብረቱን አዝላ ነበር። ያን ዕለት እንደመጣችው ሆና፣ ሲያሟት በከረሙት ሰዎች መሐል ቀስ ብላ ወረደች። ሳቁ ቆመ። አሪፋ አጠገብ ስትደርስ ፈታችውና፣ መቀነቷን እስክታስተካክል እንድትይዝላት ሰጠቻት። አሪፋ ሕፃን እንደሚቀበል ሰው እጇን ዘረጋች። ከክብደቱ የተነሳ ጉልበቷ ታጠፈ።

"ያለቀሰው እሱ ነው፣ አሪፋ?" አለቻት በለሰለሰ ድምፅ።

*

ሰላሀዲን ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደግፎ መኪናው ሥር ገብቷል። ሀኒያ መሬቱ ላይ ተንበርክካ ብረቱን አቀበለችው። ሞተሪኖዋን ሞተሩ ላይ የሚይዟት ሁለት ቡሎኖች ናቸው፤ ሁለቱም ከፎጣው ጋር ታስረው ኖረዋል። አንዱን ሰጠችው። ሁለተኛውን በመዳፏ ጨበጠች።

"ቅበሪያት ብዬሽ ነበር" አላት።

"የሚቀበረው የሞተ ነው። አንተ መሞትህን ማንም አልነገረኝም።"

ሀኒያ ጎንበስ ብላ ወደ ጨለማው አየች።

"ለምን አልመጣህም?"

መንገዱን፣ ጦርነቱን፣ ኔትወርኩን ማመካኘት ይችል ነበር።

"ልጅ አዝላ አየኋት አሉኝ" አላት። "አመንኩ።"

ሀኒያ የመንደሩን ሐሜት ወር ከወር ችላ፣ አባቷ አንገታቸውን ሲደፉ አይታ፣ እንባ ያላወጣች ልጅ ናት። አሁን ግን ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ አበሰች።

"እነሱ ቢያምኑ አልገረመኝም። እኔ ግን ያልቆሰለ ጣትህን ሳስር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሰላሀዲን። ሌላ ሰው የምወድበት ጊዜ መቼ ነበረኝ?"

"አፉ በይኝ።"

"ለቡሎኑ ብለህ ነው?"

ሰላሀዲን ተጎትቶ ወጣ። ፊቱ ጥቁር፣ ጸጉሩ አፈር ለብሷል። ሰዉ ሁሉ ያየዋል፤ እሱ ሰዉን አላየም።

"ቡሎኑ ይቅር" አለ። "መኪናውም እዚሁ ይበስብስ፣ በእግሬ እወርዳለሁ። አንቺ ብቻ ጅዳ አትሂጂ። ያን ዕለት ልልሽ የፈለግኩት ውኃ እንዳይነካት አልነበረም።"

"ምን ነበር?"

"እወድሻለሁ ነበር።"

ሀኒያ እያለቀሰች ሳቀች፤ ሁለቱ ተደባልቀው መጡባት። መዳፏን ከፍታ ቡሎኑን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት። ሌባ ጣቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ደም ይፈሳል።

"ዛሬ የእውነት ነው" አለችው። ቀጥላም፣ "ውኃም አልነካትም። ዝናቡ ሲመጣ የራሴን ሻርፕ አልብሻት፣ እኔ ራሴን ሳልሸፍን ነው የገባሁት" አለች።

ቡሎኑ ጠበቀ። ሰላሀዲን ቁልፉን ሊይዝ ሲል ሀኒያ ቀድማው ተንጠላጥላ መሪው ጋ ተቀመጠች። ያን ሁሉ መንገድ ያዘለችው እሷ ናት፤ ድምፁንም መጀመሪያ መስማት ያለባት እሷ ነበረች። አዞረችው። ሞተሪኖዋ አንድ ጊዜ አቃሰተች፣ ደገመች፣ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ተራራው እስኪያስተጋባ አጓራ። እልልታውን የጀመረችው አሪፋ ናት። ከመጀመሪያው ብረት መሆኑን አውቃ እንደነበርም አጠገቧ ላለው ሁሉ ነገረች።

ሐጂ ኑርዬ ግን ፊታቸው አልተፈታም። ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው። ሼህ እንድሪስ ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም አሉ። ሐጂ ደግመው ለመኑ፤ ጋሽ ባዬ ላብ በግንባራቸው እየወረደ አሻፈረኝ አሉ። ጁማ ያየው ሕፃን ይህ ብረት እንደነበር በአላህ ስም መሰከረና እሱም ቆመ። ሐጂ ተገረሙ። በዕድሜያቸው ለወጉ የሚቆም እንጂ እንዲህ ከልቡ የሚቆም ሽማግሌ አላዩም። የአይሱዙን ባሌስትራ ማን ይንገራቸው።

ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ኮሌጅ ያስተማሯት ልጅ መሬት ተንበርክካ ልብሷ አፈር፣ ሻርፗ ግሪስ ሆኗል። ሰላሀዲን ደግሞ በተቆረጠ ጣቱ ቆሞ፣ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልደፈረም። ሐጂ እሱንም እሷንም፣ ደጃቸው የደረሰውንም መኪና አዩ። ሀኒያ መጥፎውን ጠርጥራ፣ እጇ ሥራ እንዲፈታ ስላልፈለገች፣ አንቀልባውን አራግፋ አጣጠፈችና እትዬ ተሻለች ይጠብቁታል ብላ ለጁማ ዘረጋችለት።

"ቆይ" አሉ ሐጂ።

ጁማ እጁን ሰበሰበ።

"አንቀልባው እዚሁ ይቆይ፤ ነገ የሚታዘልበት አይጠፋም። እትዬ ተሻለችን እኔ አስፈቅዳቸዋለሁ።"

ለአፍታ ማንም አልገባውም። ቀድሞ የገባቸው ጋሽ ባዬ ናቸው፤ በደስታ ራሳቸውን ረስተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፣ ወዲያው ጮኸው ተነሱ። ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞሮ ሲስቅ፣ ሀኒያ ባዶውን አንቀልባ ደረቷ ላይ አቅፋ አባቷን አየች፣ ከዚያ ሰላሀዲንን አየች። ከስደቱ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባዋ ቀለላት።